ፎርዝ መሰል ቋንቋ በአማርኛ ቃላት እንዴት ይሠራል? ከባዶ ፋይል እስከ ዙርና ድርድር

የራሳቸውን ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ለመሥራት ከሚነሡት ብዙዎቹ የሚቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው። «2 3 ደምር አሳይ» ብለው 5 ይወጣላቸዋል፤ አዲስ ቃል ለመፍታት ሲሞክሩ ግን ነገሩ ሁሉ ይተበተባል። ችግሩ የችሎታ ሳይሆን የልማድ ነው። ሰዋስው ይነድፋሉ፣ የአረፍተ ነገር ዛፍ ይገነባሉ፣ ቅንፍ ያመሳስላሉ። ፎርዝ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ያለው ሁለት ቁልል (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ክምር)፣ አንድ መዝገበ ቃላት፣ አንድ የኮድ ድርድርና «አሁን እየፈጸምሁ ነው ወይስ እያጠናቀርሁ?» የሚል አንድ ምልክት ብቻ ነው። ማጠናቀር ማለት ቃሉን ወዲያው ሳይፈጽሙ ለኋላ በኮድ ድርድሩ ላይ ማኖር ነው። እነዚህን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ካስቀመጣችሁ ቋንቋው ይቆማል። አንዱን አስቀድማችሁ ሌላውን ካዘገያችሁ አይቆምም።

ደረጃ 5 እና 6 የመመሪያው ልብ ናቸው። ሌላውን ፈጠን ብላችሁ እለፉት፤ እነዚህን ግን ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ።

## ከመነሣታችሁ በፊት

አስተናጋጅ ቋንቋ፣ ማለትም የእናንተን ቋንቋ የምትጽፉበትን፣ ምረጡ። ፓይተን፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሲ፣ ማንኛውም ይሆናል። ወጥመዳቸው ስለሚለያይ በየቦታው እጠቁማለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስትሠሩ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ሲን ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።

ፊደሉን አስቀድማችሁ ፈትሹ። አንድ መስመር አንብቦ መልሶ የሚያትም ፕሮግራም ጻፉና «አባዛ» ብላችሁ ስጡት። ባዶ ሳጥኖች ከወጡ የጎደለው የፊደል ቅርጽ ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ጫኑ። የጥያቄ ምልክት ወይም እንግዳ ፊደላት ከወጡ የተበላሸው ኢንኮዲንጉ (ፊደል በባይት የሚቀመጥበት ስልት) ነው፤ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ፣ በዊንዶውስ ላይ የትእዛዝ መስኮቱን የኮድ ገጽ 65001 አድርጉ። ይህ ሳይስተካከል ወደ ደረጃ 1 አትለፉ። የኢንኮዲንግ ስህተት የቋንቋ ስህተት መስሎ ሰዓታት ያስባክናል።

ማመሳከሪያ ይኑራችሁ። የግኑ ፕሮጀክት ነፃ ፎርዝ የሆነውን ጂፎርዝን ጫኑ። መልሱ ሲያጠራጥራችሁ እዚያ ላይ ሞክሩ።

የቃላት ዝርዝራችሁን በወረቀት ጻፉ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው አስፍሩ። በሁለቱ ሰረዞች ግራ ያለው ከቃሉ በፊት የነበረው ነው፤ በቀኝ ያለው ከቃሉ በኋላ የሚቀረው። የቁልሉ አናት ሁልጊዜ በስተቀኝ ዳር ይጻፋል።

- ቅዳ ( ሀ -- ሀ ሀ )
- ጣል ( ሀ -- )
- ለዋውጥ ( ሀ ለ -- ለ ሀ )
- ከሥር ( ሀ ለ -- ሀ ለ ሀ )
- ደምር፣ ቀንስ፣ አባዛ፣ አካፍል፣ ቀሪ ( ሀ ለ -- መ )
- ገልብጥ ( ሀ -- መ ) የቁጥሩን ምልክት ይቀይራል
- ያንሳል፣ እኩል ( ሀ ለ -- መ )
- ዜሮነው ( ሀ -- መ )
- አይደለም ( ሀ -- መ ) ቢቶቹን ሁሉ ይገለብጣል
- አሳይ ( ሀ -- )

የመጀመሪያዎቹ አራቱ በፎርዝ ዱፕ፣ ድሮፕ፣ ስዋፕና ኦቨር የሚባሉት ናቸው። ሌላ ስም ከመረጣችሁ ምንም አይደለም፤ ዝርዝሩን ግን አሁን አታስረዝሙ።

## ደረጃ 1፦ ጽሑፉን ቃል በቃል ቁረጡ

መስመሩን አስቀድማችሁ በሙሉ ሰንጥቃችሁ ዝርዝር ውስጥ አታስቀምጡ። ጽሑፉንና «እስካሁን እዚህ ደርሻለሁ» የሚል ቦታ ያዙ፤ «ቀጣዩን ቃል አምጣ» የሚል አንድ ተግባር ጻፉ። በኋላ «ፍቺ» የተባለው ቃል ራሱ ይህን ተግባር ጠርቶ ስም ያነባል። የተሰነጠቀ ዝርዝር ያላቸው ሰዎች እዚያ ሲደርሱ ሥራውን አፍርሰው ይጀምራሉ።

ተግባሩ እንዲህ ይሥራ፦

1. ክፍት ቦታን፣ ታብን፣ አዲስ መስመርንና ሁለት ነጥብን (፡) ዝለሉ።
2. የተገኘው አራት ነጥብ (።) ከሆነ ብቻውን እንደ ቃል መልሱ።
3. ካልሆነ ክፍት ቦታ፣ ፡ ወይም ። እስኪመጣ ድረስ ሰብስቡ።
4. ጽሑፉ ካለቀ ባዶ መልሱ።

ፈተና፦ «3፡ቅዳ፡አባዛ።» ሲሰጠው 3፣ ቅዳ፣ አባዛ እና ። ለየብቻ መውጣት አለባቸው። አራት ነጥብ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ተጣብቆ የሚጻፍ ስለሆነ ተራ ቁልፍ ደብዳቢ ክፍት ቦታ አይተውለትም። ቋንቋችሁም ይህን ልማድ ይቀበል።

ማስጠንቀቂያ። ፎርዝ ፍቺ የሚጀምረው በላቲኑ ሁለት ነጥብ ነው። ያ ምልክት ከእኛው ፡ ጋር በዓይን አይለይም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው። አማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያለ ሰው ፡ ሲጽፍ ቃል ቆራጩ እንደ ክፍት ቦታ ይውጠዋል፤ ፍቺው አይጀምርም፣ የስህተት መልእክትም አይወጣም። ስለዚህ በምልክት ፈንታ «ፍቺ» የሚል ቃል ተጠቀሙ፤ መዝጊያው ። ይሁን።

### በሲ የምትጽፉ ከሆነ

«አ» በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 138፣ 160። የመጨረሻው፣ 160፣ በአንዳንድ የቆዩ የላቲን ኢንኮዲንጎች የማይሰበር ክፍት ቦታ ማለት ነው። ባይት በባይት እየሄደ ክፍት ቦታ የሚፈትሽ የቤተ መጻሕፍት ተግባር እንደ ማሽኑ የቋንቋ ቅንብር «አሳይ»ን ከመጀመሪያ ፊደሉ ላይ ሊሰብረው ይችላል፤ «ቅዳ» በትክክል እየሠራ «አባዛ» እና «አሳይ» አልታወቁም ከተባላችሁ ጥርጣሬያችሁን እዚህ ላይ አድርጉ። መፍትሔው የቤተ መጻሕፍቱን ተግባር ትቶ ከ32፣ 9፣ 10 እና 13 ጋር ብቻ ማነጻጸር ነው። ፡ ማለት 225፣ 141፣ 161 ነው፤ ። ደግሞ 225፣ 141፣ 162። ሦስቱንም ባይት አብራችሁ ፈትሹ።

የቆየ የፎርዝ ኮድ ገልብጣችሁ የምትነሡ ከሆነ ሌላም አለ። በፊግ-ፎርዝ የስም ርዝመት የሚያዘው በ5 ቢት ነው፤ ትልቁ ርዝመት 31 ባይት ሲሆን ለእኛ ፊደል 10 ብቻ ይደርሳል። በዚያ ላይ የስሙን መጨረሻ ለማወቅ የመጨረሻውን ባይት ከፍተኛ ቢት 1 ያደርጋል። የአማርኛ ፊደል ባይቶች በሙሉ ያ ቢት 1 ስለሆነ ስሙ በመጀመሪያው ባይት ላይ አለቀ ይላል። ርዝመቱን በሙሉ ባይት ያዙ፤ የቢት ማታለያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት።

### ሞክሼ ፊደላትን አስማሙ

አንዱ «ከሥር» ሌላው «ከስር» ይጽፋል። ቋንቋችሁ ሁለቱን ካልተቀበለ ተጠቃሚው ቃሉ እያለ «የለም» ይባላል። «አስማማ» የሚል ተግባር ጻፉና ስም ሲመዘገብም ሲፈለግም ጥሩት። በዩኒኮድ ቁጥር ላይ ሥራው ቀላል ነው፤ ለየቤቱ ሰባት ፊደላት ብቻ፦

- ከሐ ቤት 16 ቀንሱ፣ ሀ ይሆናል
- ከኀ ቤት 128 ቀንሱ፣ ሀ ይሆናል
- በሠ ቤት ላይ 16 ደምሩ፣ ሰ ይሆናል
- ከዐ ቤት 48 ቀንሱ፣ አ ይሆናል
- ከፀ ቤት 8 ቀንሱ፣ ጸ ይሆናል

ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ይህ ለስም ብቻ ነው። ተጠቃሚው እንዲታተም የሰጠውን ጽሑፍ አትንኩ፤ «ፀሐይ» ብሎ ጽፎ «ጸሀይ» የሚያይ ሰው በቋንቋችሁ አይተማመንም።

## ደረጃ 2፦ የመረጃውን ቁልል ሥሩ

አስገባ፣ አውጣ፣ ጥልቀት። ሦስት ተግባር ይበቃል። ቀጥሎ ከላይ የጻፋችኋቸውን መሠረታዊ ቃላት አንድ በአንድ አስገቡ።

ቅደም ተከተሉን ተጠንቀቁ። «10 3 ቀንስ» 7 መስጠት አለበት። ከቁልሉ መጀመሪያ የሚወጣው 3 ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለን አውጡ፣ ቀጥሎ ሀን አውጡ፣ ከዚያ ሀ ሲቀነስ ለን አስገቡ። -7 ከወጣ ገልብጣችኋል ማለት ነው፤ ያው ስህተት በ«አካፍል»፣ በ«ቀሪ» እና በ«ያንሳል» ውስጥም አለ። በመደመርና በማባዛት ብቻ የሞከረ ሰው ይህን አያየውም።

ጥልቀትን ከቃሉ በፊት ፈትሹ። እያንዳንዱ መሠረታዊ ቃል ስንት ቁጥር እንደሚፈልግ ከስሙ ጋር መዝግቡ። ቃሉ ከመሠራቱ በፊት ቁልሉ ያን ያህል ከሌለው «ቁልሉ ጎድሏል» ብላችሁ አቁሙ። አስተናጋጁ ራሱ ይጮኻል ብላችሁ አትተማመኑ። በፓይተን -1ኛው ክፍል የድርድሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ቁልሉን በድርድርና በጠቋሚ ከሠራችሁ ያለ ምንም ጩኸት የተሳሳተ ቁጥር ታነባላችሁ። በጃቫስክሪፕት ባዶ ድርድር «ያልተገለጸ» ዋጋ ይመልሳል፤ እሱ ከቁጥር ጋር ሲደመር «ቁጥር ያልሆነ» ይሆንና ስህተቱ ከተፈጠረበት ርቆ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

ማካፈልን ወስኑ። -7 ለ2 ሲካፈል ወደ ታች የሚያወርድ ስልት -4 ይሰጣል፣ ቀሪው 1 ነው። ወደ ዜሮ የሚቆርጥ ስልት -3 ይሰጣል፣ ቀሪው -1 ነው። በ1994 የወጣው የአሜሪካ የፎርዝ መመዘኛ ሁለቱንም ይፈቅዳል። የፓይተን ሙሉ ቁጥር ማካፈያ ያወርዳል፤ ሲ ይቆርጣል። የትኛውንም ምረጡ፣ ነገር ግን «አካፍል» እና «ቀሪ» አንድ ስልት ይከተሉ።

እውነት -1 ይሁን። «ያንሳል» እና «እኩል» እውነት ሲሆን -1፣ ሐሰት ሲሆን 0 ይመልሱ። 1 ካደረጋችሁት «አይደለም» 1ን ገልብጦ -2 ይሰጣል፤ -2 ደግሞ ዜሮ ስላልሆነ አሁንም እውነት ነው። -1 ግን ቢቶቹ ሁሉ 1 ስለሆኑ ሲገለበጥ በትክክል 0 ይሆናል።

## ደረጃ 3፦ መዝገበ ቃላቱን ሥሩ

እያንዳንዱ መዝገብ እነዚህን ይያዝ፦ የተጻፈው ስም፣ የተስማማው ስም፣ «ፈጣን» (በማጠናቀር ጊዜም ወዲያው የሚፈጸም) ነው ወይስ አይደለም፣ ስውር ነው ወይስ አይደለም፣ የሚፈልገው የቁጥር ብዛት፣ እና አካሉ። አካሉ ለመሠረታዊ ቃል የአስተናጋጁ ተግባር ነው፤ ለተፈታ ቃል በኮድ ድርድሩ ውስጥ የሚጀምርበት አድራሻ።

ፍለጋው ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይሁን፤ ስውሮቹን ይዝለል። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ሲፈታ አሮጌውን አትሰርዙ። ቀድሞ የተጠናቀሩ ቃላት አሮጌውን መጥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ አዲሶቹ አዲሱን ያገኛሉ።

### ቁጥር ነው ወይስ ቃል?

መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን ፈልጉ፤ ካልተገኘ ብቻ ቁጥር መሆኑን ፈትሹ። ፍተሻውን ለአስተናጋጁ በጭፍን አትተዉት። የጃቫስክሪፕቱ ፓርስኢንት «3ቅዳ»ን ያለ ቅሬታ 3 ብሎ ይቀበላል። በፓይተን ኢዝዲጂት የተባለው መፈተሻ «፩»ን አሃዝ ነው ይላል፤ ወደ ቁጥር ለመለወጥ ስትሞክሩ ግን ፕሮግራሙ ይወድቃል። አጭሩ መንገድ ራሳችሁ መፈተሽ ነው፦ ምናልባት አንድ የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ ከ0 እስከ 9 ያሉ አሃዞች ብቻ፣ ቢያንስ አንድ።

የግእዝ አሃዞችን ለመጨመር ልባችሁ ይነሣሣ ይሆናል። ቆዩ። ዜሮ የላቸውም፣ የቦታ ዋጋ የላቸውም፤ ፪፻ 200 የሚሆነው በማባዛት ነው። ለብቻው የሚሠራ ለዋጭ ይፈልጋል፤ ከደረጃ 9 በኋላ ተመለሱበት።

## ደረጃ 4፦ ዋናውን ዑደት ጻፉ

«ሁኔታ» የሚባል ምልክት ይኑራችሁ፤ 0 ሲሆን መፈጸም፣ 1 ሲሆን ማጠናቀር።

1. ቀጣዩን ቃል አምጡ። ባዶ ከሆነ ጨርሱ።
2. በመዝገበ ቃላት ፈልጉ።
3. ከተገኘ፦ ሁኔታ 0 ከሆነ ወይም ቃሉ ፈጣን ከሆነ አሁኑኑ ፈጽሙት። ካልሆነ በኮድ ድርድሩ ላይ ጨምሩት።
4. ካልተገኘና ቁጥር ከሆነ፦ ሁኔታ 0 ከሆነ ቁልሉ ላይ አስቀምጡት። 1 ከሆነ «ቁጥር» የሚለውን ስውር ቃል፣ ከዚያም ቁጥሩን ራሱን በኮድ ድርድሩ ላይ ጨምሩ።
5. ሁለቱም ካልሆነ ቃሉን ከጥያቄ ምልክት ጋር አትማችሁ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

ይኸው ነው። ኮምፓይለር (አጠናቃሪ) እና ኢንተርፕሪተር (ወዲያው ፈጻሚ) የሚለያዩት በተራ 3 እና 4 ላይ ባለችው «ከሆነ» ብቻ ነው፤ ሌላ የተደበቀ ክፍል ፍለጋ አትሂዱ።

አሁን «2 3 ደምር 4 አባዛ አሳይ» 20 ያትማል። የግስ ቦታ መጨረሻ ላይ ስለሆነ አማርኛ አንባቢ ይህን ቅደም ተከተል ቶሎ ይለምደዋል።

## ደረጃ 5፦ ፍቺን አጠናቅሩ

ሦስት ነገሮች ጨምሩ፦ የኮድ ድርድር፣ ቀጥሎ የሚፈጸመውን አድራሻ የሚይዝ ጠቋሚ፣ እና የመመለሻ ቁልል። የመመለሻው ቁልል ከመረጃው ቁልል ፈጽሞ የተለየ ነው፤ አንድ ድርድር አታድርጓቸው።

ፈጻሚው እንዲህ ይዞራል፦

1. ጠቋሚው ያለበትን ቃል አንብቡ።
2. ጠቋሚውን በ1 አሳድጉ።
3. ቃሉ መሠረታዊ ከሆነ ፈጽሙት።
4. የተፈታ ከሆነ ጠቋሚውን በመመለሻ ቁልል ላይ አስቀምጡና ጠቋሚውን ወደ ቃሉ መጀመሪያ ውሰዱ።
5. ጠቋሚው -1 እስኪሆን ድገሙ።

ሁለት ስውር ቃላትም ያስፈልጋሉ። «ተመለስ» ከመመለሻ ቁልል አውጥቶ ጠቋሚው ላይ ያስቀምጣል። «ቁጥር» ጠቋሚው ያለበትን ዋጋ አንብቦ መረጃው ቁልል ላይ ያስቀምጥና ጠቋሚውን በ1 ያሳድጋል። ዋናው ዑደት የተፈታ ቃል ሲጠራ መጀመሪያ -1 በመመለሻ ቁልል ላይ ያስቀምጥ፤ ፈጻሚው መቆም የሚያውቀው በዚያ ነው።

ቀጥሎ ሁለቱ የፍቺ ቃላት፦

- ፍቺ፦ ቀጣዩን ቃል ራሱ ያነባል፤ በዚያ ስም ስውር መዝገብ ይፈጥራል፤ መጀመሪያውን የኮድ ድርድሩ አሁን ያለበት አድራሻ ያደርጋል፤ ሁኔታን 1 ያደርጋል።
- ። (ፈጣን)፦ «ተመለስ»ን ይጨምራል፤ መዝገቡን ይገልጣል፤ ሁኔታን 0 ያደርጋል።

«ፍቺ ካሬ ቅዳ አባዛ።» ቀጥሎም «ፍቺ አራተኛ ካሬ ካሬ።» ብትሉ፣ ድርድሩም ከ100 ቢጀምር፣ ይህን ማየት አለባችሁ፦

100፦ ቅዳ
101፦ አባዛ
102፦ ተመለስ
103፦ ካሬ
104፦ ካሬ
105፦ ተመለስ

«3 አራተኛ» ሲባል በእርሳስ ተከተሉት። የመመለሻ ቁልል -1 ይይዛል፣ ጠቋሚው 103 ነው። ካሬ ይነበባል፣ ጠቋሚው 104 ይሆናል፣ 104 ይቀመጣል፣ ጠቋሚው 100 ይሆናል። 3 ተቀድቶ ይባዛል፣ 9። በ102 ያለው ተመለስ 104ን ያወጣል። እንደገና ካሬ፤ አሁን የሚቀመጠው 105 ነው። 81። ተመለስ 105ን፣ በ105 ያለው ተመለስ ደግሞ -1ን ያወጣል። ቆመ።

### ሲበላሽ

ፍቺ ከጻፋችሁ በኋላ ቋንቋው ለምንም ነገር መልስ አይሰጥም፣ ስህተትም አይልም። ። ፈጣን ተብሎ አልተመዘገበም። መፍታቱን በመዝጋት ፈንታ እንደ ተራ ቃል እየተጠናቀረ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ወደዚያው ፍቺ ይገባል።

ቃሉ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። የተፈታ ቃል ሲጠራ ጠቋሚውን በ1 ሳታሳድጉ በመመለሻ ቁልል ላይ አስቀምጣችኋል። የተቀመጠው 104 ሳይሆን 103 ስለሆነ ሁልጊዜ ወደዚያው ካሬ ይመለሳል።

ቁጥር ያለበት ፍቺ እንግዳ ቃል ይፈጽማል። «ቁጥር» ዋጋውን ካነበበ በኋላ ጠቋሚውን አላሳደገም፤ 5 የተባለው ዋጋ እንደ 5ኛው ቃል ተፈጽሟል።

በአስተናጋጁ ራስ-ጠሪ ተግባር ልሥራውን? አይሆንም። የተፈታ ቃል ሌላውን ሲጠራ የአስተናጋጁን ተግባር እየደራረባችሁ ብትሄዱ ለጊዜው ይሠራል፤ ፓይተን ግን ሳይነካ በ1000 ጥሪ ገደማ ይቆማል፣ የሚቀጥለው ደረጃ ዝላይም የምትዘልሉበት አድራሻ ያጣል።

መዝገቡ እስከ ። ስውር የሆነው አሮጌውን ተመሳሳይ ስም በአዲሱ ፍቺ ውስጥ ለመጥራት እንዲቻል ነው። ቃል ራሱን እንዲጠራ ከፈለጋችሁ «ራሱ» የሚል ፈጣን ቃል ጨምሩ፤ ሥራው እየተፈታ ያለውን ቃል በድርድሩ ላይ መጨመር ብቻ ነው።

## ደረጃ 6፦ ከሆነ፣ ካልሆነ፣ ቀጥል

ሁለት ስውር ቃላት፦ «ዝለል» ቀጥሎ ያለውን አድራሻ አንብቦ ጠቋሚውን እዚያ ያደርጋል። «ዜሮዝለል» ከቁልሉ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ዜሮ ከሆነ ይዘልላል፣ ካልሆነ አድራሻዋን አልፎ ይቀጥላል። አድራሻዋን ማለፉን አትርሱ።

ሦስቱ የሚታዩ ቃላት ሁሉም ፈጣን ናቸው። በማጠናቀር ጊዜ ይሠራሉ፤ በመፈጸም ጊዜ የሉም። ብዙ ሰው የሚሳተው ይህንን ነው።

- ከሆነ፦ «ዜሮዝለል»ን ጨምር፤ የዚህን ቀጣይ አድራሻ በቁልሉ ላይ አስቀምጥ፤ እዚያ ጊዜያዊ 0 ጨምር። ይህ ክፍተት ነው።
- ካልሆነ፦ «ዝለል»ን ጨምር፤ አዲሱን ክፍተት አስታውስ፤ ጊዜያዊ 0 ጨምር፤ *ከዚያ* የከሆነን ክፍተት አውጥተህ አሁን ያለህበትን አድራሻ ሙላበት፤ አዲሱን ክፍተት አስቀምጥ።
- ቀጥል፦ ክፍተቱን አውጥተህ አሁን ያለህበትን አድራሻ ሙላበት።

ምሳሌ፣ ፍጹም ዋጋ፦ «ፍቺ ፍጹም ቅዳ 0 ያንሳል ከሆነ ገልብጥ ቀጥል።»

106፦ ቅዳ
107፦ ቁጥር
108፦ 0
109፦ ያንሳል
110፦ ዜሮዝለል
111፦ 113
112፦ ገልብጥ
113፦ ተመለስ

በ111 ላይ 0 ካያችሁ «ቀጥል» አልሠራም። 112 ካያችሁ አድራሻው በአንድ ጎድሏል፤ ለ«ፍጹም» የተሰጠው ቁጥር ሁሉ ምልክቱን ይቀይራል። ድርድሩን የሚያሳይ ቃል አሁኑኑ ጻፉ፤ ያለዚያ ይህን ደረጃ በግምት ነው የምትሠሩት።

የ«ካልሆነ» ክፍል ጨርሶ የማይሠራ ከሆነ «ዝለል»ን ከመጨመራችሁ በፊት የከሆነን ክፍተት ሞልታችኋል። ሐሰት ሲሆን ጠቋሚው ቀጥታ «ዝለል» ላይ ያርፍና ሁለቱንም ክፍል ያልፋል።

ክፍተቱን በቁልሉ ላይ ስታስቀምጡ ከላዩ መለያ ቁጥር ጨምሩ፤ ለከሆነ 1፣ በሚቀጥለው ደረጃ ለጀምር 2። «ቀጥል» 1 ካላገኘ «ከሆነ የለውም» ይበል። ። ደግሞ ፍቺው ሲጀመር የነበረውን የቁልል ጥልቀት ካሁኑ ጋር ያነጻጽር፤ ካልተመሳሰለ የተከፈተ ነገር አልተዘጋም። እነዚህ ሁለት ፍተሻዎች ከሌሉ አንድ የተረሳ «ቀጥል» ፕሮግራሙን ወደ አድራሻ 0 ይወረውረዋል።

## ደረጃ 7፦ ዙር

«ጀምር» እና «እስኪ» ይበቃሉ። ሁለቱም ፈጣን ናቸው። ጀምር አሁን ያለበትን አድራሻ በቁልሉ ላይ ያስቀምጣል። እስኪ «ዜሮዝለል»ን ይጨምርና ያንን አድራሻ ከጎኑ ያኖራል። እዚህ የሚሞላ ክፍተት የለም፤ ዝላዩ ወደ ኋላ ስለሆነ አድራሻው አስቀድሞ ታውቋል።

«ፍቺ ቆጠራ ጀምር ቅዳ አሳይ 1 ቀንስ ቅዳ ዜሮነው እስኪ ጣል።»

«5 ቆጠራ» ከ5 እስከ 1 ያትማል። «0 ቆጠራ» ግን 0፣ -1፣ -2 እያለ ይቀጥላል፤ በፓይተን ቁጥር ወሰን ስለሌለው በራሱ አይቆምም። ዙሩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ፈጻሚውን ከቁልፍ ሰሌዳ ማቋረጥ መቻል ያለባችሁ።

በቁጥር የሚሄደውን የፎርዝ ዱ እና ሉፕ አሁን አትሞክሩ። መነሻና መድረሻቸውን የሚይዙት በተለምዶ በመመለሻ ቁልል ላይ ነው፤ በዙሩ መካከል «ተመለስ» ቢመጣ የዙሩን ቁጥር እንደ አድራሻ አንብቦ ይጠፋል። በጀምርና እስኪ የማይጻፍ ዙር ሲገጥማችሁ ትመለሱበታላችሁ።

## ደረጃ 8፦ ተለዋዋጭና ድርድር

ከኮድ ድርድሩ የተለየ የመረጃ ድርድር ክፈቱ። «ቦታ» ( ብዛት -- አድራሻ ) ያን ያህል ክፍል ይዞ መጀመሪያውን ይመልሳል። «አንብብ» ( አድራሻ -- ዋጋ )፣ «ጻፍ» ( ዋጋ አድራሻ -- )። በ«ጻፍ» አናት ላይ ያለው አድራሻው ነው፤ ከተገለበጠ ዋጋው እንደ አድራሻ ተቆጥሮ ከወሰን ውጭ ይጻፋል። ሁለቱም ወሰን ይፈትሹ።

ስም ለመስጠት «ቋሚ» የሚል ቃል ሥሩ፦ ከቁልሉ አንድ ቁጥር ያወጣል፣ ቀጣዩን ቃል ስም ያደርጋል፣ አካሉን «ቁጥር፣ ዋጋው፣ ተመለስ» ብሎ ያጠናቅራል። «10 ቦታ ቋሚ ዝናብ» ካላችሁ በኋላ «35 ዝናብ 4 ደምር ጻፍ» አምስተኛው ክፍል ላይ 35 ያስቀምጣል። አምስተኛው ያልሁት ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ነው።

## ደረጃ 9፦ ከስህተት ተመለሱ

ስህተት ሲፈጠር ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ፦

1. የተሳሳተውን ቃል ተጠቃሚው እንደጻፈው አትሙ፤ የተስማማውን ስም ሳይሆን።
2. ሁለቱንም ቁልሎች ባዶ አድርጉ።
3. ሁኔታ 1 ከነበረ፦ የኮድ ድርድሩን ፍቺው ወደጀመረበት አድራሻ መልሱ፣ ስውሩን መዝገብ ሰርዙ።
4. ሁኔታን 0 አድርጉ።
5. የቀረውን መስመር ጣሉ።

ተራ 3 የሚረሳ ነው። ከተረሳ በየስህተቱ በድርድሩ ላይ ግማሽ ፍቺ ይከማቻል። ተራ 5 ከተረሳ ደግሞ በተሰበረው ፍቺ ውስጥ የነበሩት ቀሪ ቃላት ወዲያው መፈጸም ይጀምራሉ፤ አንዲት የፊደል ግድፈት አሥር የማይዛመዱ የስህተት መልእክቶች ታወጣለች።

ቀጥሎ ያሉትን በአንድ ፋይል አስቀምጡና ኮዱን በነካችሁ ቁጥር አሂዱ፦

- «10 3 ቀንስ አሳይ» 7
- «-7 2 አካፍል አሳይ» የመረጣችሁት ስልት እንደሚለው -4 ወይም -3
- «1 2 ከስር አሳይ አሳይ አሳይ» 1 2 1፤ በ«ስ» መጻፉን ልብ በሉ
- «3 3 እኩል አይደለም አሳይ» 0
- «3 አራተኛ አሳይ» 81
- «-9 ፍጹም አሳይ 9 ፍጹም አሳይ» 9 9
- «ጣል» በባዶ ቁልል ላይ፦ «ቁልሉ ጎድሏል»
- «ፍቺ ሙከራ 1 ዘበት 2።» ቀጥሎም «ሙከራ»፦ ሁለቱም ጊዜ የጥያቄ ምልክት፣ ቁልሉም ባዶ

የመጨረሻው ካለፈ የቀሩትን ቃላት በቋንቋው በራሱ ጻፉ። «ገልብጥ»ን ከአስተናጋጁ አውጥታችሁ «ፍቺ ገልብጥ 0 ለዋውጥ ቀንስ።» በሉት፤ «ፍጹም» አሁንም 9 9 መስጠት አለበት፤ ከ«ፍጹም» በፊት መፈታቱን ግን አትዘንጉ።